የጋራ ሣጥን በክፉ ቀን
ስለ ዕድር፣ ስለ ዕቁብና ስለ ቁጠባ ማኅበር፤ ለጉባኤያትና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት



ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ቃሊቲን አልፎ አቃቂ እስኪደርስ ድረስ የፋብሪካ አጥር አይለየውም። የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫውና የምግቡ ፋብሪካ፣ መጋዘኑና የጭነት መኪና ማቆሚያው በዚሁ መስመር ተደርድረዋል። አቃቂ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ከነበራት ዘመን ጀምሮ ብዙው ሰው በደመወዝ የሚተዳደርባት ስፍራ ናት። በደመወዝ የሚኖር ሰው ደግሞ ክፉ ቀን የሚደርስበት መንገድ ከገበሬው ይለያል። ገበሬው ዝናቡ ሲቀር ሰማዩን አይቶ አስቀድሞ ያውቃል። የፋብሪካ ሠራተኛው ግን ጥሬ ዕቃ አልቋል፣ የውጭ ምንዛሪ አልተገኘም፣ ገበያው ቀዝቅዟል የሚለውን ወሬ የሚሰማው አንድ ጠዋት በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው፣ ሰዎች ራሳቸው አዋጥተው ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የገንዘብ ሣጥን እንዲህ ያለውን ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ሲናጉ የዕድር ሣጥን ሳይነካ መቅረቱን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን የማይሰበር ነገር አድርገን ብንናገር እውነቱን አጉድለናል። የሚሰበርበትም መንገድ አለ፤ በተለይ የእርዳታ ገንዘብ ይዘን ወደ ሰፈር የምንገባ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን መንገድ ማወቅ ይገባናል።

ሣጥኖቹ

ሦስቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕቁብ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ተሰብስቦ ለባለ ዕጣው የሚሰጥ ነው፤ የሚተርፍ መጠባበቂያ የለውም። የቆመው በዳኛው ብርታትና በዋሱ ላይ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራው ተቋርጦ መክፈል ሲያቅተው፣ ጉዳቱ ገና ዕጣ ባልደረሰው ላይ ይወድቃል። ዕቁብ ለደኅና ቀን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለክፉ ቀን ግን የተሠራ አይመስለንም።

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር፤ ሠራተኞቹ ሕጉን ሳይጠብቁ መጀመራቸውን ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት ማኅበር በብዙ መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ተቋቁሟል። አባሉ ዕጣ ገዝቶ ይገባል፤ ቁጠባው በየወሩ ከደመወዙ ተቆርጦ ይቀመጣል፤ የሚበደረው በቆጠበው ልክ ተሰልቶ፣ ዋስ ጠርቶ ነው። ዕጣው ብዙም ሆነ ጥቂት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፁ አንድ ነው።

ዕድርን ግን ማስረዳት አያስፈልግም። የጡሩምባውን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ይኖረናል ብለን አናስብም።

ለምን አልወደቁም?

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. የአገሪቱ የግል ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የገንዘቡ ኖት ራሱ ተለወጠ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ብዙ ትልቅ ነገር ባለቤቱን ለወጠ፤ ዕድር ግን ቀጠለ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ለቀስተኛው ተቀመጠ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ በመንግሥት ፋብሪካዎችም የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ፣ አሁንም ቀጠለ።

ምክንያቱ የሰዉ ደግነት ብቻ አይደለም። የገንዘቡ አመጣጥ ነው። ባንክ የማያውቃቸውን ሰዎች ገንዘብ ተቀብሎ ለሌሎች ለማያውቃቸው ሰዎች ያበድራል፤ አስቀማጮቹ ፈርተው አንድ ቀን ሁሉም ቢመጡ የሚከፍለው አይኖረውም። በዕድር ዘንድ እንዲህ ያለ ሽሚያ አይነሣም፤ አባሉ የከፈለውን መልሶ የሚወስድበት ቀን የለም። በቁጠባ ማኅበርም መደበኛው ቁጠባ አባሉ ከማኅበሩ እስካልወጣ ድረስ አይወጣም። ከውጭ ያልተበደረ ማኅበርን ደግሞ ገንዘቤን መልስ ብሎ በሩን የሚያንኳኳ አበዳሪ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት መተዋወቅ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ የማን ቤት እንደታመመ፣ ማን በእርግጥ ሥራ እንደፈታ፣ ማን ደግሞ እያለው እንደሚያለቅስ ያውቃል። ባንክ ይህን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አለበት፤ ጎረቤት በነፃ ያውቀዋል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ዕድር ሀብቱን ሁሉ በብር አያስቀምጥም። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪና ብርጭቆ አለው፤ የተሳካለትም ቤት ሠርቶ ያከራያል። በኢትዮጵያ የዓመቱ የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በ2008 ከ40 በመቶ በላይ፣ በ2022 ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው በ2022 ባንክ ለቁጠባ ይከፍል የነበረው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በእነዚህ ዓመታት ባንክ ቤት የተቀመጠው ብር አቅሙ ሲመነምን፣ ድስቱ ያው ድስት ነበር። መቶ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ድንኳን ዛሬም መቶ ሰው ያስተናግዳል። አንዳንድ የሠለጠነ ሰው ዕድሮች ገንዘባቸውን በዕቃ ላይ ያባክናሉ ብሎ ሲነቅፍ እንሰማለን። በዋጋ ንረት ዘመን ግን ከብዙ ሂሳብ አዋቂ ይልቅ የዕድር ሽማግሌዎች አስተዋይ እንደነበሩ ይሰማናል።

በሌላ አገር የሆነው

ለእርዳታ ድርጅት ደጋፊዎች ልዩ ትምህርት የሚሰጠው የፍሬድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን ታሪክ ነው። ይህ ሰው በጀርመን አገር ቫየርቡሽ የተባለ ገጠር ከንቲባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 ክረምት ራብ በገባ ጊዜ ማኅበር አቋቁሞ ዱቄት ለችግረኞች በዱቤ አደለ፤ ዳቦም አስጋገረ። ቆይቶ በሄደስዶርፍ የሀብታሞችን ምጽዋት የሚሰበስብ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመ። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ የሀብታሞቹ ልብ ቀዘቀዘ። ራይፋይዘንም እ.ኤ.አ. በ1864 ማኅበሩን ለወጠው፤ ብድር የሚፈልጉት ሰዎች ራሳቸው አባላት ሆኑ፤ ለዕዳውም በኅብረት ተጠያቂዎች ሆኑ። እርሱ አማኝ ሰው ነበር፤ ምጽዋትን አልናቀም። ሰጪው ሲደክመው የሚቆም ነገር በክፉ ቀን መጠጊያ እንደማይሆን ግን ተረዳ። ዛሬ በብዙ አገሮች የእርሱን ስም የያዙ የገበሬዎችና የሠራተኞች ባንኮች አሉ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ወደ 9,000 ያህል ባንኮች ወደቁ። በዚያው የጭንቅ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የብድር ማኅበራት በአገሪቱ ሁሉ እንዲቋቋሙ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፉ የባንኮች ቀውስ ሲመጣም በኔዘርላንድ በአባላት የተያዘው ራቦባንክ የመንግሥት ገንዘብ ሳይወስድ አለፈ።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ሐቀኝነት አይደለም። በመጋቢት ወር 2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለት ታላላቅ የብድር ማኅበራት ማዕከሎችን በሞግዚትነት ያዘ። እነዚህ ማዕከሎች የትንንሾቹን ማኅበራት ትርፍ ገንዘብ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ገንዘቡን የቤት ብድር ዋስትና በተባለ ወረቀት ላይ አዋሉት፤ ወረቀቱም ዋጋ አጣ። በታች ያለው አባል በጎረቤቱ ላይ የነበረው ቁጥጥር እላይ ድረስ አልደረሰም። በስም የአባላት የሆነ ነገር ሁሉ በክፉ ቀን አይጸናም፤ የሚጸናው አባሉ የሚያየውና የሚቆጣጠረው ነው።

ሣጥኑ የሚሰበርበት

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። የፋብሪካ ቁጠባ ማኅበር ጥንካሬውና ድካሙ ከአንድ ቦታ ይመጣል። አባላቱ ሁሉ የአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች ስለሆኑ መዋጮው ከደመወዝ ተቆርጦ ሳይዘገይ ይገባል። ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም ግን የሁሉም ደመወዝ በአንድ ቀን ይቆማል፤ ተቀናሾቹም በአንድ ወር ውስጥ ከአባልነት ወጥተው ቁጠባቸውን ይጠይቃሉ። ዋሱም ተቀናሽ፣ ተበዳሪውም ተቀናሽ ይሆናል። የሰፈር ዕድር በዚህ ይሻላል፤ በአንድ ዕድር ውስጥ ሸማኔ፣ አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ጉልት ነጋዴና ጡረተኛ አብረው አሉ። ሁሉም በአንድ ጠዋት ሥራ አይፈቱም። ስለዚህ ለፋብሪካ ማኅበራት የምንመክረው፣ ሕጋቸው የሚፈቅድ እንደሆነ ከበሩ ውጭ ያሉትን፣ የአባላቱን ቤተ ሰቦችና የአካባቢውን ነጋዴዎች እንዲቀበሉ ነው።

ሞት ሲበዛም ዕድር ይናጋል። ኤድስ በበረታባቸው ዓመታት፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት፣ የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀብር በቀብር ላይ ተደራረበባቸው። ብዙዎቹ መዋጮ ጨመሩ። አንዳንዶቹም ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ ታሞ ሳለ መርዳት ይሻላል ብለው ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ዕድሮች በኅብረት መሥራትንም በዚያ ዘመን ተማሩ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ ችግሩ ሌላ ሆነ። ሰው እንዳይሰበሰብ ሲከለከል መዋጮ የሚሰበሰብበት የወር ስብሰባም ቆመ። ወዲያው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች መለወጣቸው ታወጀ፤ አሮጌው ኖት በሦስት ወር ውስጥ ባንክ መግባት ነበረበት። ገንዘቡን በቤት ሣጥን ያስቀመጠ ዕድር ሁሉ የባንክ ደብተርን ጥቅም በዚያን ጊዜ አወቀ።

ሌላው መፈናቀል ነው። ከመሐል ከተማ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ ወገኖች ቤት አገኙ፤ የኖሩበት ዕድር ግን በድሮው ሰፈር ቀረ። ለቀብር ሁለት መኪና ቀይሮ መሄድ ከባድ ነው። አዲስ ዕድር ለማቋቋም ደግሞ መተዋወቅ ይፈልጋል፤ መተዋወቅ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሰላም እየተባባሉ በማለፍ አይመጣም። በአቅራቢያው ያላችሁ ጉባኤያት አዳራሻችሁን ለአዲስ ዕድር መሰብሰቢያ ብትፈቅዱ፣ አባላቱ የየትኛውም እምነት ሰዎች ቢሆኑ፣ ትልቅ አገልግሎት ነው። በአንዳንድ ስፍራ የወንጌል አማኞች ከሰፈር ዕድር ተገልለው የራሳቸውን ለማቋቋም የተገደዱበት ጊዜ እንደነበረ አንረሳም፤ የተገለለ ሰው ሌላውን ባያገልል መልካም ነው።

አንድ ሂሳብ

የዋጋ ንረቱን ነገር በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። 200 አባላት ያሉት ዕድር በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 120,000 ብር ይገባዋል። በአንድ ሞት 10,000 ብር ቢከፍልና በዓመት 6 ሰው ቢሞት 60,000 ብር ይወጣል፤ 60,000 ይተርፋል። በአምስት ዓመት 300,000 ብር መጠባበቂያ ይሆናል።

አሁን ዋጋ በእጥፍ ጨመረ እንበል። ጤፉም፣ ሣጥኑም፣ መኪናውም። የ10,000 ብሩ ክፍያ የሚገዛው የቀድሞውን ግማሽ ስለሆነ ጉባኤው ወደ 20,000 ያሳድገዋል። በዚያው ዓመት ሟቾች 12 ቢሆኑ ወጪው 240,000 ብር ነው። መጠባበቂያ የሌለው ዕድር መዋጮውን በአንድ ጊዜ ወደ 100 ብር ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ልጆች የምታሳድግ መበለት፣ ጡረተኛ፣ የቀን ሠራተኛ መክፈል ያቅታቸዋል። ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዝ የሚል ደንብ ካለ ይሰረዛሉ። 40 ቤት ወጣ እንበል።

ብዙ የዕድር ኮሚቴዎች የማይከፍሉት ሲወጡ ሣጥኑ የሚድን ይመስላቸዋል። እንቁጠረው። የቀሩት 160 አባላት በወር 100 ብር ሲከፍሉ በዓመት 192,000 ይገባል። ሟቾችም በአባላቱ ልክ ቢቀንሱ ወደ 10 ይጠጋሉ፤ ወጪው 200,000 ያህል ነው። ገቢውም ወጪውም አብሮ ስለሚቀንስ ሣጥኑ ከስረዛው ያገኘው ጥቅም የለም። የተገኘው ውጤት መቅበሪያ የሌላቸው 40 ቤቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከሁሉ ይልቅ ዕድር የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

300,000 ብር ያለው ዕድር ግን መዋጮውን ወደ 75 ብር ብቻ ያሳድጋል። 180,000 ይገባል፤ የጎደለውን 60,000 ከመጠባበቂያው ይሸፍናል። አምስት ዓመት ይቆያል፤ በመካከሉ አባላቱ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲያስቀምጡ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። ዕድሮች በዚህ ሕግ አይገዙም፤ ሐሳቡን ግን በደንባቸው ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከላይ ያለው ስሌት የሩቅ ምሳሌ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የእኛ ገንዘብ

ከደጋፊዎቻችን የሚነሣ መልካም ሐሳብ አለ፤ እነዚህ ማኅበራት ጠንካሮች ከሆኑ ገንዘባችንን በሣጥናቸው ውስጥ ብንጨምር አይሻልም ወይ የሚል ነው። ከላይ ያየነውን ይዘን ስንመልስ፣ በብድር ሣጥናቸው ውስጥ አይሻልም እንላለን። ተበዳሪው የጎረቤቱን ገንዘብ ሲወስድ የሚመልሰው ጎረቤቱን በየቀኑ ስለሚያይ ነው። የሩቅ ሰው ስጦታ ሲሆን ግን ባይመለስ ማን ይቆጣል? ዋሱ መዋስነቱን ይረሳል፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም ሂሳብ የሚያቀርበው ለጉባኤው ሳይሆን ለእኛ ይሆናል። ማኅበሩን ያቆመው መተያየት በዚህ ይላላል።

ከውጭ የመጣ ሰው የሚሠራው ሌላ ብዙ ነገር አለ። የሂሳብ አያያዝ ትምህርት መስጠት፣ መዝገብና ደረሰኝ ማሳተም፣ የሚጠይቁ ማኅበራትን ሂሳብ የሚመረምር ሰው መላክ ይቻላል። ፋብሪካ በሚዘጋበት ወር ደግሞ ለተቀናሹ ቤተ ሰብ እህል መስጠት፣ ቁጠባውን እንዳያወጣ ፋታ መስጠት ነው፤ የማኅበሩን ገንዘብ ሳንነካ ማኅበሩን ረዳን ማለት ነው። የመበለቲቱን የዕድር መዋጮ ለስድስት ወር መክፈልም እንዲሁ ነው፤ ይህን ግን ጉባኤው በራሱ እጅና በስውር ቢያደርገው ይመረጣል።

ለውይይት

በየቡድናችሁ ስትሰበሰቡ አባል የሆናችሁበትን አንድ ዕድር ወይም የቁጠባ ማኅበር ምረጡና መዝገቡን ተመልከቱ። መጠባበቂያው የስንት ወር ወጪ ይችላል? ከሀብቱ ምን ያህሉ በብር፣ ምን ያህሉ በዕቃ ወይም በቤት ነው? ሂሳቡን መጨረሻ ጊዜ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው ያየው መቼ ነው? ባለፉት 12 ወራት ስንት ስም ተሰረዘ፤ ከተሰረዙትስ ቤት ሄዶ የጠየቀ ሰው አለ?